በዳሬሰላም ቫይታሚን ኤ የወሰዱት እናቶች

ታሪኩ ከአራት ቁጥሮች ይነሳል። 32.4፣ 26.2፣ 16.0፣ 7.2።

ቁጥሮቹ የመጡት ከማላዊ፣ ከብላንታየር ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሪቻርድ ሴምባ የሚባል የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አሳተማቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ኤችአይቪ በደማቸው የተገኘ 338 እናቶችን ተከታተሉ። በእርግዝናቸው ጊዜ ደማቸው ውስጥ የነበረውን ቫይታሚን ኤ ለኩ። በመጠኑ ልክ በአራት ደረጃ ከፈሏቸው። ከዚያ ከየደረጃው ስንት ሕፃን ቫይረሱ እንደተላለፈበት ቆጠሩ።

ቫይታሚኑ በጣም ዝቅ ካለባቸው እናቶች ልጆች መካከል 32.4 በመቶው ተይዘዋል። ከፍ ካለላቸው እናቶች ልጆች ግን 7.2 በመቶው ብቻ። በመሃል ያሉት ሁለቱ ደረጃዎችም ተራቸውን ጠብቀው፣ እንደ ደረጃ መውረጃ፣ ዝቅ ዝቅ እያሉ ይሄዳሉ።

እስቲ ይህን ሰንጠረዥ በዚያ ዘመን ሆናችሁ አንብቡት። በ1994 አንዲት አፍሪካዊት ነፍሰ ጡር ቫይረሱ እንዳለባት ሲነገራት የሚሰጣት ነገር አልነበረም። ምክር ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት አሜሪካና ፈረንሳይ ውስጥ በተደረገ ጥናት ኤዜድቲ የሚባለው መድኃኒት ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ከ25.5 በመቶ ወደ 8.3 በመቶ እንዳወረደው ታወቀ። ትልቅ የምሥራች ነበር። ለብላንታየርና ለታንዛኒያዋ ዳሬሰላም ግን የሩቅ ምሥራች ነው። መድኃኒቱ ውድ ነው። ለወራት በአፍ ይወሰዳል፣ በምጥ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ ለሕፃኑ። ያንን የሚችል የጤና ጣቢያ በአካባቢው ጥቂት ነበር።

ቫይታሚን ኤ ግን ዋጋው ሳንቲም ነው። በረዶ ሳጥን አይፈልግም፣ መርፌ አይፈልግም። ማንም ነርስ ትሰጠዋለች። የኤዜድቲ ውጤት 8.3 ነው፣ ቫይታሚን ኤ በደማቸው የሞላላቸው የማላዊ እናቶች ውጤት 7.2 ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ልቡ የማይዘል ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ብሆን ኖሮ በማግሥቱ ክኒኑን ማደል እንጀምር ብዬ የምጮኸው ሰው ነበርኩ።

ተስፋው ከባዶ የመጣም አልነበረም። በ1986 አልፍሬድ ሶመርና ባልደረቦቹ ከኢንዶኔዥያ፣ ከአቼ አካባቢ፣ የ450 መንደሮች ጥናት አሳትመው ነበር። እንክብሉ በታደለባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት በ34 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ1990 ደግሞ ከኬፕታውን ሌላ ውጤት መጣ። ጠና ያለ ኩፍኝ ይዟቸው ሆስፒታል ከገቡ 189 ሕፃናት 12ቱ ሞቱ። ከሞቱት ውስጥ 10ሩ ቫይታሚን ኤ ያልተሰጣቸው ነበሩ። እርግጥ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ውጤት አልታየም። ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ ከ28 ሺህ በላይ ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት በ1992 ሲታተም በሞት ላይ ምንም ለውጥ አላሳየም። ቢሆንም በጠቅላላው ቫይታሚን ኤ ዝናው ከፍ ያለ ነበር። ለዳፍንት ብቻ ሳይሆን ከበሽታ ለመከላከልም የሚያገለግል ርካሽ መድኃኒት ሆኖ ይታይ ነበር።

እኛም አገር ብንሆን የታመመ ሰው ስንጠይቅ ብርቱካን ይዘን ነው። «የጎደለውን ይተካለት» ብለን ነው። የጎደለ ነገር ካለ መሙላት ነው። ቀላል፣ ትክክል የሚመስል ሐሳብ ነው። የዳሬሰላሙ ጉዳይ ይህን ሐሳብ ነው የፈተነው። እኔ ደጋግሜ የምመለስበትም ለዚህ ነው። ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ሰው የደም ምርመራ ወረቀቱን ይዞ «ቫይታሚን ኤ ጎድሎብኛል፣ ልግዛ?» ሲል በሰማሁ ቁጥር እነዚያ እናቶች ትዝ ይሉኛል።

የማላዊው ሰንጠረዥ አንድ ነገር አይናገርም። ቫይታሚኑ ስለጎደለ ነው ልጁ የተያዘው? ወይስ እናቲቱ በጣም ስለታመመች ሁለቱም ደረሰባት? ሰንጠረዡ ሁለቱን መለየት አይችልም። ለመለየት አንድ መንገድ ብቻ አለ። ለአንዳንዶቹ ቫይታሚኑን መስጠት፣ ለሌሎቹ አለመስጠት፣ ማን የቱን እንደሚያገኝ ደግሞ ዕጣ እንዲወስነው ማድረግ።

ይህን ነው በዳሬሰላም ያደረጉት። ሥራውን የመሩት ከሃርቫርድ ዋፋኢ ፋውዚ፣ በዳሬሰላም ካለው የሙሂምቢሊ የሕክምና ኮሌጅ ደግሞ ገርናርድ ምሳማንጋ ናቸው። ፋውዚ ከላይ ያልኩት የሱዳን ጥናት ላይም ነበረበት። ማለትም ቫይታሚን ኤ አንዳንዴ ምንም እንደማያደርግ በራሱ ሥራ ያየ ሰው ነው። ይህ ነገር ለጥያቄው ያለውን ጥንቃቄ ሳይጨምርለት የቀረ አይመስለኝም።

ከሚያዝያ 1995 ጀምሮ በከተማዋ የቅድመ ወሊድ ክሊኒኮች ከ13 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮች ፈቅደው ተመረመሩ። ቫይረሱ ከተገኘባቸው ውስጥ 1,078 እናቶች በጥናቱ ገቡ። ሲገቡ እርግዝናቸው ከ12 እስከ 27 ሳምንት ነበር።

አደረጃጀቱ ብልሃት አለበት። እናቶቹ በዕጣ በአራት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ቫይታሚን ኤ ብቻ ያገኛል። ሁለተኛው ሌሎች ቫይታሚኖች ተደባልቀው ያሉበትን ክኒን ያገኛል፤ ቢ ቫይታሚኖች፣ ሲ፣ ኢ እና ፎሊክ አሲድ ያሉበት ነው፣ ኤ ግን የለበትም። ሦስተኛው ሁለቱንም ያገኛል። አራተኛው መልኩ ተመሳሳይ የሆነ፣ ምንም የሌለበት ክኒን ያገኛል። እናቲቱም የምትሰጣት ነርስም የትኛው እንደሆነ አያውቁም። በዚህ መንገድ በአንድ ጥናት ሁለት ጥያቄ ይመለሳል። ቫይታሚን ኤ ምን ያደርጋል? ሌሎቹስ?

የቫይታሚን ኤው መጠን በየቀኑ 5,000 ዩኒት (ዩኒት የቫይታሚን መለኪያ ነው) ሰውነት መቀየር የማያስፈልገው ቫይታሚን ኤ እና 30 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን ነበር። ቤታ ካሮቲን ካሮትን ካሮት የሚያስመስለው ቀለም ነው፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ይቀይረዋል። በወሊድ ጊዜ ደግሞ 200,000 ዩኒት በአንድ ጊዜ ይጨመራል። ሁሉም እናቶች፣ ባዶ ክኒን የሚወስዱትም ጭምር፣ አይረንና ፎሊክ አሲድ፣ እንዲሁም ለወባ መከላከያ በየሳምንቱ ክሎሮኪን ያገኙ ነበር። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ግን በታንዛኒያ ለእነዚህ እናቶች አልነበረም። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይከብዳል። እነዚያ እናቶች መድኃኒቱ በዓለም ላይ እንዳለ እየታወቀ ሳያገኙ ያለፉ ናቸው። ዛሬ የምናውቀውን ያወቅነው በእነሱ አካል ነው።

የመጀመሪያው ውጤት በ1998 ወጣ። ገና ስለ ቫይረሱ መተላለፍ ሳይሆን ስለ እርግዝናው ነበር። የተደባለቁትን ቫይታሚኖች ከወሰዱት እናቶች 30 ፅንሶች ሞቱ፤ ካልወሰዱት 49። ክብደታቸው ዝቅ ብሎ የሚወለዱ ሕፃናት በ44 በመቶ ቀነሱ። በጣም ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱት በ39 በመቶ። ይህ ደስ የሚል ነው። የተጠበቀው ቫይታሚን ኤ ግን በዚህ ሁሉ ላይ ምንም አላመጣም። ጀግናው ዝም አለ፣ ማንም ብዙ ያልጠበቀባቸው ቢ፣ ሲ እና ኢ ሠሩ።

ከዚያ 2002 መጣ። ልጆቹ ሁለት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ተከታትለዋቸው ነበር። እናቶቻቸው ቫይታሚን ኤ ካልወሰዱት ልጆች መካከል 25.4 በመቶው በ24 ወር ቫይረሱ ነበረባቸው። እናቶቻቸው ቫይታሚን ኤ ከወሰዱትስ? 34.2 በመቶው።

አልቀነሰም። እንደነበረም አልቀረም። ጨመረ።

በመቶ ልጅ ወደ ዘጠኝ ልጅ ገደማ ማለት ነው። ቁጥሩን በዕጣ የመጣ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍም ከባድ ነበር። ልዩነቱ ለአጋጣሚ የሚሰጠውን ወሰን አልፏል። ሊያድን የታሰበ ክኒን ነው እንግዲህ። የሰጡትም የወሰዱትም በቅን ልብ ነው።

ሌሎች ከተሞችም በዚያው ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። በደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን፣ ልጆቹ ሦስት ወር ሲሞላቸው ቫይታሚን ኤ በወሰዱት በኩል 20.3 በመቶ፣ ባዶውን በወሰዱት በኩል 22.3 በመቶ ተይዘው ተገኙ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ማላዊ ራሷ፣ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ አገር፣ ሞክራ አየች። በስድስት ሳምንት 26.6 ከ27.8። እዚያም የለም። የማላዊው ሙከራ ሌላ ጥቅም ማሳየቱን ግን መሸሸግ አይገባም። ቫይታሚን ኤ ከወሰዱት እናቶች ክብደቱ ዝቅ ብሎ የተወለደው 14.0 በመቶ ሲሆን፣ ካልወሰዱት 21.1 በመቶ ነበር። በኬንያ፣ ሞምባሳ፣ 400 ሴቶች ለስድስት ሳምንት በየቀኑ 10,000 ዩኒት ወይም ባዶ ክኒን ወስደው በማህፀን ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ቫይረስ ሲለካ ለውጥ አልነበረም። ዚምባብዌ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ እናትና ልጅ የተካተቱበት ትልቅ ጥናትም ከእናት ወደ ልጅ መተላለፉን የሚቀንስ ነገር አላገኘም።

ታዲያ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ውሸት ነበር? አይደለም። ቁጥሮቹ እውነት ናቸው። የተሳሳተው ከቁጥሮቹ የተነበበው ነገር ነው። ይህን ለመረዳት ቫይታሚን ኤ ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለስኳር፣ ለኩላሊት፣ ለቲቢ፣ ለኤችአይቪ ሕመምተኛ ሁሉ የሚጠቅመው ክፍል ይህ ነው።

የሰውነታችን ቫይታሚን ኤ አብዛኛው ያለው ጉበት ውስጥ ነው። ጉበት ጎተራ ነው በሉት። ደም ደግሞ ገበያ። እህሉ ከጎተራ ወደ ገበያ ብቻውን አይሄድም፤ የሚጭነው አህያ ያስፈልጋል። በሰውነታችን ውስጥ አህያው ጉበት የሚሠራው አንድ ፕሮቲን ነው። ሬቲኖል የሚባለውን የቫይታሚን ኤ ዓይነት ተሸክሞ ወደ ደም ይወጣል። ላቦራቶሪ ደም ወስዶ ሬቲኖል ሲለካ የሚያየው ገበያውን ነው። ጎተራውን አያይም።

አሁን ሰውየው ታመመ እንበል። ኢንፌክሽን ገባ፣ ሰውነቱ ተቆጣ። ጉበት ሥራውን ይቀይራል። ለጦርነቱ የሚያስፈልጉትን ፕሮቲኖች በብዛት ማምረት ይጀምራል። ሲአርፒ የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ብዙ ሕመምተኛ በምርመራ ወረቀቱ ላይ ያውቀዋል። ሌላውን ሥራ ጉበት ይቀንሳል። ከሚቀንሳቸው ነገሮች አንዱ ያ ተሸካሚ ፕሮቲን ነው። አህያዎቹ ጠፉ። ጎተራው ሙሉ ቢሆን እንኳ ገበያው ባዶ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «ዝቅተኛ» ተብሎ ይጻፋል። ኃይለኛ ትኩሳት ሲኖር ደግሞ የተወሰነ ሬቲኖል በሽንት ይፈስሳል፤ ይሄኛው እውነተኛ ኪሳራ ነው። ፕሮቲን ወይም ዚንክ ያነሰው ሰውም ተሸካሚውን እንደልብ መሥራት አይችልም። ለእሱ እንክብል መጨመር አህያ በሌለበት ጎተራ ላይ እህል መከመር ነው።

ወደ ማላዊ እናቶች እንመለስ። ቫይረሱ የበረታባት፣ በሽታ የመከላከል አቅሟ የወደቀ፣ ውስጥ ውስጡን ኢንፌክሽን ያለባት እናት፣ በደሟ ያለው ቫይታሚን ኤ ዝቅ ይላል። ልጇ ላይ የማስተላለፍ ዕድሏም ከፍ ይላል፣ ቫይረሱ ስለበዛ። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው። ቫይታሚኑ የሕመሟን ክብደት የሚናገር ምልክት ነበር። ምልክቱን ከፍ ማድረግ ሕመሙን አላነሳም። በእርግጥ ከእነዚያ እናቶች ውስጥ በእውነት የጎደለባቸውም ነበሩ፤ በማላዊ የምግብ እጥረት ቀልድ አይደለም። ግን አንድ የደም ቁጥር ሁለቱን አይለይም።

ይህ የሚያብራራው ለምን እንዳልረዳ ነው። ለምን እንደጎዳስ? በዚህ ላይ ሙሉ መልስ አለ ብዬ አልዋሽም። የታዩ ነገሮች ግን አሉ። በዚያው በዳሬሰላም ጥናት ቫይታሚን ኤና ቤታ ካሮቲን ከወሰዱ እናቶች የጡት ወተት ውስጥ ቫይረሱ በብዛት መገኘቱ ታይቷል። ጡት ሳያም፣ ሳያብጥ ውስጥ ውስጡን የመቆጣት ነገርም በዝቶባቸዋል። የተቆጣ ጡት ቫይረሱን ወደ ወተቱ ያሳልፋል። የዳሬሰላም እናቶች ደግሞ ልጆቻቸውን ለረጅም ጊዜ ነው ያጠቡት። በተጨማሪ ቫይታሚን ኤ ሴሎች እንዲያድጉና እንዲለወጡ የሚያዝዝ ነገር ነው፤ ቫይረሱ የሚገባባቸውን በሮች በሴሎች ላይ ሊያበዛ ይችላል የሚል ግምት አለ። ቫይታሚን ሲባል ምንም የማይነካ፣ ቢተርፍ በሽንት የሚወጣ ነገር አድርገን ነው የምናስበው። ለቢና ለሲ ይህ በመጠኑ ይሠራል። ኤ ግን በስብ የሚሟሟ ነው፣ ይጠራቀማል፣ ትእዛዝም ይሰጣል።

አሁን ደግሞ ታሪኩን የሚያወሳስብ፣ እኔ ግን በጣም የምወደው ክፍል አለ። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዓመታት፣ በከፊልም በእነዚያው ተመራማሪዎች፣ ሌላ ጥናት ይካሄድ ነበር። በሙሂምቢሊ ሆስፒታል ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት የሆኑ፣ በሳንባ ምች የተኙ 687 ሕፃናት በዕጣ ቫይታሚን ኤ ወይም ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም በአራተኛውና በስምንተኛው ወር ተደገመላቸው። ውጤቱ በ1999 ታተመ። ቫይታሚን ኤ ያገኙት ልጆች ሞት በ49 በመቶ ቀነሰ። ኤችአይቪ ባለባቸው ልጆች ደግሞ ቅነሳው የበለጠ ነበር፣ 63 በመቶ።

አንድ ከተማ። አንድ ቫይረስ። አንድ ቫይታሚን። እናቶቹን አልረዳም፣ ለልጅ መተላለፉን አባሰ። ልጆቹን ግን ከሞት አዳነ።

ይህ እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ግን አይጣላም። ሕፃን ጎተራው ሲወለድ ጀምሮ ትንሽ ነው። በተቅማጥ፣ በኩፍኝ፣ በሳንባ ምች በየጊዜው ይራቆታል። በእሱ ላይ የሚታየው ጉድለት ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ጉድለት ነው። የአንጀቱና የሳንባው ስስ ሽፋን ቫይታሚን ኤ ይፈልጋል። ስለዚህ ሲሰጠው ይጠቀማል። አዋቂዋ እናት ደግሞ ሌላ ነበረች። «ኤችአይቪ ላለበት ቫይታሚን ኤ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ለማን ብላችሁ መልሱለት። ዕድሜው ስንት ነው? በምን ሁኔታ ላይ ነው? መጠኑስ?

የተደባለቁት ቫይታሚኖች ታሪክም ቀጠለ፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ2004 የእናቶቹ የራሳቸው ጤና ተገመገመ። ቢ፣ ሲ እና ኢ ከወሰዱት 271 እናቶች 67ቱ ወደ መጨረሻው የኤድስ ደረጃ ደረሱ ወይም ሞቱ። ባዶ ክኒን ከወሰዱት 267 ደግሞ 83ቱ። ጥቅም አለው። ቫይታሚን ኤ ሲጨመርበት ግን ጥቅሙ ቀነሰ። በኋላ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በስፋት ሲገባ፣ መድኃኒቱን ለሚጀምሩ ሰዎች ከፍተኛ መጠን ያላቸው ቫይታሚኖች ይጨመሩላቸው ወይ ተብሎ በዳሬሰላም ከ3,400 በላይ ሰዎች የገቡበት ጥናት ተደረገ። በ2009 ከጊዜው በፊት ቆመ። ከፍተኛውን መጠን በወሰዱት ላይ የጉበት ጉዳት ምልክት በደም ምርመራ በዝቶ በመታየቱ ነው። በ1998 የጠቀመ ነገር፣ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ሌላ ሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው መመሪያ ጉዳዩን ዘጋው። ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍን ለመቀነስ ተብሎ ኤችአይቪ ላለባት ነፍሰ ጡር ቫይታሚን ኤ እንዳይሰጥ። በጠቅላላው ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ጉድለቱ ከባድ የሕዝብ ጤና ችግር በሆነበት አካባቢ፣ ዳፍንትን ለመከላከል፣ በተወሰነ መጠን ብቻ ነው። በቀን ከ10,000 ዩኒት አይበልጥም፤ በእርግዝና ጊዜ ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል። ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት የሚሰጠው ግን እንዳለ ቀጠለ።

ከዳሬሰላም ወጥተን ወደሌሎች የረጅም ጊዜ ሕመሞች ብንሄድ ያው የጎተራና የገበያ ነገር በየመልኩ ይመጣል።

ቲቢ ያለበት ሰው ሕክምና ሲጀምር ሬቲኖሉ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። የቲቢ መድኃኒቱን በትክክል ከወሰደ፣ ቫይታሚን ኤ ሳይሰጠውም ቁጥሩ ከፍ ይላል። በሽታው ሲለቅ አህያዎቹ ተመለሱ።

ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ሥራውን የጨረሰውን ተሸካሚ ፕሮቲን ከደም የሚያስወግደው ኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም ጭነታቸውን የያዙ አህያዎች ገበያው ላይ ይከማቻሉ። ሬቲኖሉ ከፍ ብሎ ይታያል። ለዚህ ሰው ቫይታሚን ኤ ያለበት ክኒን አደገኛ ነው። ለኩላሊት ሕመምተኞች የሚዘጋጁ ቫይታሚኖች ውስጥ ኤ የማይጨመረው ለዚህ ነው። እባካችሁ፣ ዲያሊስስ ላይ ላለ ዘመዳችሁ ከውጭ አገር በሻንጣ የሚመጣውን ትልቅ ብልቃጥ መልቲቫይታሚን ከመስጠታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ፣ ለሐኪሙም አሳዩት። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በፍቅር የሚላክ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ፍቅሩን አልነካም። ክኒኑ ግን ይነካል።

እውነተኛ ጉድለት ያለባቸውም አሉ፣ እነሱን ደግሞ ችላ ማለት ትልቅ በደል ነው። ጉበቱ የጠነከረና ጠባሳ የያዘ ሰው ጎተራው ራሱ ፈርሶበታል። የሐሞት መውረጃው የተዘጋ፣ ቆሽቱ በቂ ኢንዛይም የማያወጣ፣ አንጀቱ ለዓመታት የቆሰለ ወይም በቀዶ ሕክምና ያጠረ ሰው ቅባት አይፈጭለትም። ቫይታሚን ኤ ደግሞ ከቅባት ጋር ነው የሚገባው። እህሉ ከማሳው ጎተራ ሳይደርስ ይቀራል ማለት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ቫይታሚን ኤ መድኃኒታቸው ነው፣ ያለእሱ ዓይናቸው ሊጠፋ ይችላል። ጉበቱ ለታመመው ግን መጠኑን ሐኪም በጥንቃቄ ይወስናል፤ ከበዛ ያው ጉበቱን መልሶ ይጎዳዋል።

እንዴት ይለያል? ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ሬቲኖል ከ0.70 ማይክሮሞል በሊትር በታች ሲሆን ዝቅተኛ ይባላል። ግን በዚያው ቀን ሲአርፒ ከፍ ብሎ ከሆነ ያ ቁጥር አይታመንም። በጎንደርም ኤችአይቪ ያለባቸውና የሌለባቸው ነፍሰ ጡሮች የቫይታሚን ኤ መጠን ተጠንቷል። እንዲህ ዓይነት ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የሰውነት መቆጣት አብሮ ተለክቶ እንደሆነ ነው። ከወረቀቱ በፊት ደግሞ ሰውየውን መጠየቅ አለ። ሲመሽ ማየት ይቸግርሃል? ቀን ደህና እያየህ ማታ ግድግዳ እየዳበስክ ነው የምትሄደው? የዓይኑ ነጭ ላይ አረፋ የመሰለ ነጠብጣብ አለ? ደርቋል? ዳፍንትን አያቶቻችንም ያውቁታል፣ ጉበት ጠብሰው ያበሉለት ነበር። ትክክል ነበሩ፤ ጎተራውን ራሱን ነው የሚያበሉት።

ይህን ያነበበ ሰው ካሮትና ጎመን፣ ዱባና እንቁላል ይተው ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይመስለኛል። ከካሮትና ከጎመን ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው። የዳሬሰላሙ ጥያቄ በየቀኑ በክኒን፣ በወሊድ ጊዜ ደግሞ በአንድ ጊዜ 200,000 ዩኒት ስለመስጠት ነበር።

ዛሬ አገራችን ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ቫይረሱ ሲገኝባት፣ ከ2013 ጀምሮ በገባው አሠራር፣ ወዲያው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ትጀምራለች፣ ዕድሜዋን ሙሉም ትቀጥላለች። ልጇም ሲወለድ መከላከያው ይሰጠዋል። ቫይታሚን ኤ በእሷ ካርድ ላይ የለም። ልጁ ስድስት ወር ሲሞላው ግን ነርሷ ሰማያዊዋን እንክብል ታወጣለች። ጫፏን በመቀስ ቆርጣ፣ ጉንጩን ጫን አድርጋ፣ 100,000 ዩኒቱን አፉ ውስጥ ትጨምቅለታለች። ዓመት ሲሞላው ቀይዋ ትመጣለች፣ 200,000። ከዚያ በየስድስት ወሩ፣ አምስት ዓመት እስኪሞላው።